እግር የሚያውቀው ቦይ

ደሴ ላይ ቤቶች የሚንቀሳቀሱት ጎህ ሳይቀድ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ መሬቱ ይለካል። ያበጠው፣ የሰነጠቀው፣ ውሃ የጠገበው ቁልቁለት ይለያል፤ ከዚያ በብረት እግር የቆሙት ቤቶች አንድ በአንድ እየተነሡ ደህና ወደተባለው የተራራ ወገብ ይሄዳሉ። ብርጭቆ አይንኳኳም፣ ሕፃን አይነቃም። ጠዋት በር ሲከፈት፣ ትናንት ጦሳ ተራራ ይታይበት በነበረው በኩል የማያውቁት ሰው መስኮት ይገጥማል። የመስኮቱ ባለቤት የጥርስ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ አንገቱን ሰበር አድርጎ የዚህ ወር ጎረቤት መሆኑን እየተኮላተፈ ያስታውቃል።

ይህ ሽግሽግ ይባላል። ከተጀመረ ወዲህ በደሴ ናዳ ሰው በልቶ ስለማያውቅ የሚያማርረው የለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰዎች ከሥራ ሲመለሱ ትናንት ቤታቸው የነበረበት ባዶ መሬት ላይ ቆመው ይቀሩ ነበር ይባላል። ምሪት ከመጣች በኋላ ግን ያ ቀርቷል። ምሪት ስንዴ ታክላለች፤ ጆሮ ውስጥ ትገባለች፤ ወደ ግራ ዙሪ፣ ቀጥዪ፣ ቁሚ፣ በሩ ይኸውልሽ ትላለች። የሚጠፋ ሰው የለም። የት እንዳለ የሚያውቅ ሰውም የለም።

ሽግሽጉን ያልተቀበሉት ድመቶች ብቻ ናቸው። ቤት ሲሄድ ድመቷ ቦታዋ ላይ ትቀራለች፤ አዲስ የመጣው ቤት በሩን ሲከፍት ቀድማ ገብታ ምድጃ ሥር ትጋደማለች። ስለዚህ ሰው በየወሩ የሚያገኘው ሌላ ጎረቤትና ሌላ ድመት ነው። ለድመት ስም ማውጣት ከቀረ ቆይቷል። የመሬማ አባት ይማም ሙሄ ግን ለሁሉም የሚሆን አንድ ስም ነበረው፤ «ባለርስቷ» ይላቸው ነበር።

መሬማ በዝናብ ልብስ መስፊያ ቤት የምትሠራ፣ ያላገባች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። የተወለደችው ሽግሽግ ከተጀመረ በኋላ በመሆኑ የሚቆም ቤት አታውቅም። መስፊያ ቤቱ አይንቀሳቀስም፤ እሷ ግን በየወሩ ከሌላ አቅጣጫ ትመጣበታለች። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ቤትሽ ወዴት ነው ብላ ብትጠይቃት በጣቷ ለማሳየት እጇን አነሣች፤ እጇ አየር ላይ ቀረ። ሁለቱም ሳቁና ወደ መርፌያቸው ተመለሱ።

ይማም በወጣትነቱ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ከወፍጮው ጩኸት በላይ መናገር ስለለመደ በሹክሹክታ ማውራት አይችልም። ምሪትንም በጆሮው ይዟት ይሄድ እንጂ ሰላም ሰጥቷት አያውቅም። ወደ ግራ ዙር ስትለው መንገድ መሃል ይቆምና፣ «የማን ግራ? የኔ ነው ያንቺ?» ይላታል። ምሪት ያንኑ ትደግማለች። እጅ እንኳ ሳይኖርሽ ግራ ከየት አመጣሽ ብሎ ሲሞግታት መንገደኛው ቆሞ ይስቃል። ለይማም መንገድ ማለት አንድ ነገር የሆነበት ቦታ ነው። «እንድሪስ ከአህያዋ የወደቀበት ጋ ስትደርስ፣ የሰርጉ ድንኳን የተቀደደበትን ወዲያ ትተህ፣ ወደ ላይ» ብሎ ይመራል። እንድሪስ ከሞተ፣ አህያዋም ከሞተች፣ መንገዱ ራሱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። መሬማ ይህን እየሰማች አደገች፤ በውስጡ ግን መሄድ አትችልም ነበር። የአባቷ አነጋገር ለእሷ የሰው ተረት ነው።

መንገዱ የነበረው ጎሽ ውሃ በሚባል ሰፈር ነው። ጎሽ ውሃ አርባ ዓመት ይሆነዋል ከተነሣ። የቀረው ቅሬው ነው። ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝነው፣ ድንኳን የሚተክለው ያ የጥንት ማኅበር ከሰፈሩ ጋር አብሮ አልፈረሰም። አሥራ አራት ቤት ቀርቶታል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ አለበት። ቤቶቹ ደሴ ውስጥ ተበትነው ይዞራሉ፤ ቅሬ ሲጠራ ግን ሰዎቹ ሁሉ ከያሉበት ይመጣሉ።

ባለፈው ክረምት የሽግሽግ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ነገር አወጀ። ዱሮ አብረው የኖሩ ሰዎች አንድ ሰፈር እንደነበሩ ካስመሰከሩ «እጅብ» ይባላሉ፤ እጅብ የተባሉ ቤቶች የትም ቢሄዱ ተያይዘው ይሄዳሉ። ጎረቤታቸው አይለወጥም። ማስመስከሪያው በቃል ነው፤ ምሪት እያንዳንዱን ሰው የማን ቤት ከማን ቤት በየት በኩል እንደነበረ ትጠይቃለች። መልሶቹ አንድ ካርታ ከሠሩ ሰፈር ነው። ካልሠሩ አይደለም። ካልሆነ ደግሞ ቅሬው ይዘጋና ቀብሩ ለከተማው አገልግሎት ይተላለፋል።

ይማም ይህን ሲሰማ ሌሊቱን አልተኛም። ነገሩ ቀላል መሰለው፤ የኖሩበትን መናገር ምን ያቅታል? ከጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን የያዘው ናሆም የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ነበር፤ ትሑት፣ ረጅም፣ ሰውን ሲያነጋግር ጉልበቱን አጠፍ የሚያደርግ። በተቀጠረው ቀን ጠየቃቸው። ቤቷ ከሁሉም ላይ ስለነበረ የላይዋ የምትባለው አሚናት፣ ሰፈሩ ሲነሣ ገና ልጃገረድ የነበረች፣ የይማም ቤት የት ነበር ስትባል ጡቷን የጣለችው ላም ትታሰርበት የነበረው ግንድ ፊት ነው አለች። ጋሽ ወንድይፍራው የተባሉት የቅሬው ዳኛ ደግሞ፣ «ከኔ ራስጌ ነው» አሉ። ጎሽ ውሃን የሚያስቡት በአልጋቸው ላይ እንደተኙ ሆነው ነው። እትዬ ብርቄ፣ ዓይናቸው ከደከመ የቆየው መበለት፣ ያዳምጡ የነበረውን ነገሩት፤ ይማም ዱአ ሲያደርግ ድምፁ በቀኝ ጆሮዬ ነበር የሚገባ አሉ። ምሪት ሦስቱንም በትሕትና ሰማች። ካርታ አልተገኘም አለች።

ናሆም አፈረ። አንድ ጊዜ ብቻ መድገም ይፈቀዳል አላቸው፤ እሱም ከጥቅምት በፊት።

ከዚያ ወዲህ የይማም ክፍል ትምህርት ቤት ሆነ። በየሳምንቱ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ አንድ ዓይነት መልስ ያስጠናቸዋል። ቧንቧው መሃል ይሁን፣ ሁሉንም ከቧንቧው እንቁጠር አለ። በዚህ ተስማሙ። ቧንቧው የት እንደነበረ ግን አልተስማሙም። አሚናት በኔ ደጅ ነበር ስትል ጋሽ ወንድይፍራው ያንቺ ደጅ የሚባለው የኔ አጥር ነው ይላሉ፤ እትዬ ብርቄ ቧንቧው ይንጠባጠብ የነበረበትን ድምፅ እያሰሙ ሁለቱንም ያሳስታሉ። ይማም መሃላቸው ቆሞ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ይስቃል፤ ቀጥሎ ከሁሉም በላይ ይከራከራል። መሬማ ውሃ እያቀበለች ትሰማቸዋለች። እኔስ ላጥና ብላው ነበር። «አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ? የቤታችንን እኔ እመልስ የለም ወይ» አላት።

እውነቱን ነበር፤ ደንቡ የሚቆጥረው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ያለበትን ቤት ነው። ይማም እስካለ ቤታቸው ይቆጠራል።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ክርክሩ ከወትሮው ደምቆ በዋለበት ቀን፣ ሁሉም ሲወጡ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ነገ ቧንቧውን ነቅዬ እጃችሁ ላይ አስቀምጥላችኋለሁ» አላቸው። ገብቶ ጋደም አለ። ፊቱ ላይ የክርክሩ ሳቅ ነበረ። መሬማ ለአስር ሰላት ልትቀሰቅሰው ስትገባ ሳቁ አልሄደም ነበር፤ እሱ ሄዷል።

ተቀበረ። ድንኳኑ ከከተማው ግርጌ ባለው ሜዳ ተተከለ። ያ ሜዳ ልሙጥ ስለሆነ ናዳም ሽግሽግም አይነካውም፤ የጎሽ ውሃ ቅሬ ሰፈሩ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ሲያለቅስም ሲድርም እዚያው ነው። ሰሌን ተነጠፈ፣ አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ። መሬማ ከሁለተኛው ምሰሶ አጠገብ፣ አባቷ በሰው ሐዘን ሁሉ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። አላህ ያጥናሽ፣ እግዜር ያጥናሽ ይሏታል። አሜን ትላለች። የምታስበው ግን ሌላ ነበር። ሐዘኑ ሲያልቅ ቤቷ ይሄዳል። በሩን ስትከፍት የጥርስ ብሩሽ የያዘ እንግዳ ሰላም ይላታል። አባቷ በሌለበት ቤት፣ ስሙን እንኳ በማያውቁ ሰዎች መሃል ትነቃለች፤ በሌላው ወር በሌሎች መሃል። እሷ ምኑን ታውቀዋለች? ጎሽ ውሃን አላየችው። እጅቡ ቢሳካ እንኳ ቤታቸው ከአሥራ አራቱ ውጭ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ናሆም ለልቅሶ መጣ። ማንም አልጠራውም። እናቱ እጁን የጨበጥከውን ሰው ልቅሶ አትለፍ ብላ ያሳደገችው ልጅ ስለሆነ ነው የመጣ። በድንኳኑ በር ገባና በቀጥታ ወደ መሬማ ተራመደ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ድንኳኑ በሙሉ ትንፋሹን ሳበ። አሚናት ልትይዘው እጇን ዘረጋች።

ናሆም ቆመ። «ምነው?»

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ምን እንዳስደነገጣቸው ራሳቸውም አላወቁም።

«ምንም የለ፣ እለፍ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። ዓይናቸው ግን ከናሆም እግር አልተነሣም። «ጫማህ ብቻ...»

«ጫማዬ ምን ሆነ?»

«ይረጥባል ብዬ ነው።»

ናሆም ጫማውን አየው። ደረቅ ነው። ሰሌኑም ደረቅ ነው። ሐዘንተኛዋን አስተዛዝኖ ያገኘው ክፍት ቦታ ላይ ሊቀመጥ ሲል ከኋላው አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ነህ፣ ሰው ሊያልፍ ነው አሉት። የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ፈቀቅ ሲል እትዬ ብርቄ በለሆሳስ፣ የአሚናትን ደጅ ዘጋህባት አሉት። አሚናት ከዚያ በሁለት ክንድ ርቀት ተቀምጣ ነበር። በመጨረሻ በሩ አጠገብ አንድ ጥግ አሳዩት፤ እዚያ ማንም ምንም አላለውም። ናሆም ቀስ ብሎ ለጎኑ ሰው ይህ የማን ቦታ ነው ሲለው ሰውየው ትንሽ አስቦ፣ «እንጃ። እንግዳ እዚህ ነው የሚቀመጥ» አለው።

ያኔ ናሆም የሚገቡትን ማየት ጀመረ። አንዲት ሴት ገባች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ረዘም ያለ እርምጃ ወሰደች። ሽማግሌ ገባ፤ እዚያው ጋ ምርኩዙን ቀድሞ አሻግሮ ተከተለው። ወጣት ገባ፤ ስልኩን እያየ፣ አንገቱን እንኳ ሳያነሣ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ አለፈ። ሰሌኑ ላይ ምንም የለም። ከተሻገሩ በኋላም ማንም በቀጥታ አይሄድም፤ ባዶውን ቦታ አጥር እንዳለበት እየዞሩት ወደየመቀመጫቸው ይገባሉ። ናሆም ከጥጉ ተነሣ።

መሬማ ለእንግዶች ውሃ ልታመጣ ወጥታ ተመለሰች። በሩ ጋ ጠበቃትና በትሕትና ጠየቃት።

«እህቴ፣ አሁን እዚህ ጋ ምን ተሻገርሽ?»

«እኔ? ምንም አልተሻገርኩ።»

«እስቲ እባክሽ መለስ ብለሽ ግቢ።»

ማሰሮዋን እንደያዘች ወጥታ ገባች። ሁለት እርምጃ። ቀኝ እግሯ ተነሣ። አየር ላይ አቆመችውና ቁልቁል አየችው፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር።

ቀድመው የገባቸው እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ምክንያቱም ከማየት ይልቅ መስማት ለምደዋል፤ የመሬማን እግር አረማመድ ሰምተዋል። «ቦዩ» አሉ። «እናንተ፣ ቦዩን እኮ ነው የምትሻገር!»

ከዚያ የሆነውን ጫጫታ ሐዘን ቤት ነው ብሎ የሚያምን አልነበረም። ከምንጩ ወርዶ በሰፈሩ መግቢያ ያልፍ የነበረውን ቦይ ሁሉም በአንድ ጊዜ አስታወሱት። የጎሽ ውሃ ልጅ ሁሉ ወድቆበታል። ይማም ራሱ ሙሽራዋን ይዞ ሲገባ፣ በነጭ ልብሱ፣ ሚዜዎቹ እየዘፈኑ፣ እስከ ወገቡ ገብቶበት ነበር። ሙሽራዋ አሥር ጣቷን አፏ ላይ ጭና ሳቋን ለመያዝ ስትታገል ያየ ሁሉ ይህ ትዳር ይሰምራል አለ። መሬማ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። ሁሉም የሚያውቀው ስለነበር የነገራት ሰው የለም። አሁን ከአምስት አፍ በአንድ ጊዜ ሲነገራት፣ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እሷ ቦዩን ያወቀችው በአባቷ እጅ ነው፤ ገና ድክ ድክ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ እጇን ይዞ በዚህ ድንኳን ሲገባ እዚያ ጋ ብድግ ያደርጋት ነበር። ለምን እንደሚያነሣት አልጠየቀችውም፤ ልጅ መነሣቱን እንጂ ምክንያቱን አይጠይቅም።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠላቸው። ሰፈሩ በተነሣ በሳምንቱ ሰው ሞቶ እዚህ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ እያንዳንዱ እንደ ልማዱ ከጎረቤቱ ጎን ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። የሞተ ሲኖር ልጁ ቦታውን ያዘ። በአፋቸው ሲጠየቁ የሚጣሉበት ሰፈር በመቀመጫቸውና በእግራቸው ሥር ሳይነካ አርባ ዓመት ኖሯል።

ናሆም ደንቡን እየደጋገመ አሰበው። ደንቡ ሰዎቹ አንድ ካርታ ይኑራቸው ይላል፤ በአፋቸው ብቻ ይሁን አይልም። ምሪት ደግሞ የሰውን እርምጃ ታውቃለች። ነገ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ከመነቀሉ በፊት ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ምሪቶቻችሁ አካሄዳችሁን ይመዘግባሉ፣ በቃ አላቸው። ከአለቆቹም አስፈቀደ። ጋሽ ወንድይፍራው እጁን ስመው መረቁት። መሬማንም የቤታችሁን አንቺ ትራመጃለሽ አሏት።

በማግስቱ ሁሉም ታጥበው ለብሰው መጡ። ናሆም በበሩ ቆሞ አንድ በአንድ እንዲገቡ አደረገ። መጀመሪያ አሚናት ገባች። በሩ ላይ ቆማ ሰሌኑን መረመረችና ሁለት እርምጃ ሄዳ እንደ ፍየል ዘለለች። ጋሽ ወንድይፍራው አሚናት የዘለለችበት አይደለም ብለው ክንድ ያህል ወዲህ ተሻገሩ። ቀጥሎ የገባው ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን መርጦ ሁለቴ ተሻገረ። አንዱ ሲያስብ ቆሞ ቀረ፤ ከኋላው ያሉት ገፉት። ትናንት አንገቱን ሳያነሣ ያለፈው ወጣት እግሩን እየተመለከተ ሲመጣ ተደናቅፎ ወደቀ። እትዬ ብርቄ ቦዩ መሃል ቆመው የቱ ጋ ነው ብለው ጠየቁ። መሬማ ተራዋ ሲደርስ ትናንት አየር ላይ የቆመውን ቀኝ እግሯን ጠበቀችው። አልተነሣም። ልታነሣው ስትል ግራው ተነሣ።

ናሆም እንዳታስቡት፣ ዝም ብላችሁ ግቡ ይላል። ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ሦስት ጊዜ ገቡ፣ ሦስት ጊዜ ሌላ ቦይ ሆነ። ምሪት በናሆም ጆሮ ካርታ አልተገኘም ትላለች፤ እሱ ለሰዎቹ ገና ነው ይላቸዋል። ፊቱ ግን ይናገር ነበር። አሚናት ቁጭ ብላ፣ ይማም ቢኖር አንድ ነገር ተናግሮ ያስቀን ነበር አለች። ያ ሲባል ድንኳኑ ከበደ። መሬማ ከምሰሶው አጠገብ ተቀመጠች። ሁሉም ባገኙበት ተበታትነው፣ ቦታቸውን ስተው፣ አንገታቸውን ደፉ። ጎሽ ውሃ ያን ጊዜ እውነትም የፈረሰ መሰለ።

በዚህ መሃል ከሜዳው የሴት ልቅሶ ተሰማ።

ሞሚና ነበረች፤ የይማም ታናሽ እህት። ገና በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከጎሽ ውሃ ወደ መርሳ ተድራ የሄደች፣ ወሬው ዘግይቶ የደረሳት። ስለ እጅብም ስለ ቦይም የሰማችው የለም። መቀነቷ ተፈትቶ፣ ወንድሜ ወንድሜ እያለች፣ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ በድንኳኑ በር ገባች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቀሚሷን ሰበሰበችና ተሻገረች። ወደ ግራ ታጥፋ በማይታየው አጥር ጥግ ጥጉን ሄደች፤ አንድ ቦታ ጎንበስ አለች፣ ዱሮ የበለስ ቅርንጫፍ የሚንጠለጠልበት ነበር። ዞራ ከሁለተኛው ምሰሶ ፊት ቆመች። እጇን በር እንደሚያንኳኳ ሰው አነሣች።

«ደጁ ላይ የለም» አለች። «መሬማ፣ ወንድሜ ደጁ ላይ የለም።»

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ አለቀሰ፤ ሁሉም ተነሣ። ምርመራው ተረሳ፣ ናሆም ተረሳ፣ እግርም ተረሳ። ከውጭ የነበሩት ሮጠው ሲገቡ ሁሉም በአንድ ቦታ እግሩን አነሣ። አሚናት ከደጇ ወጥታ መንገዱን ይዛ መጣች። ጋሽ ወንድይፍራው አጥራቸውን ዞረው መጡ። እትዬ ብርቄ ማንም ሳይመራቸው፣ እጃቸውን ግድግዳ በነበረው አየር ላይ እያስኬዱ መጡ። መሬማ አክስቷን ደግፋ ውሃ ልታጠጣት ወደ በሩ ወሰደቻት፤ ቦዩ ጋ ሲደርሱ ሁለቱ በአንድ ላይ ተሻገሩ። ሲመለሱም ተሻገሩ። መሬማ የምታስበው የአክስቷን ትኩስ ክንድ ብቻ ነበር፤ አባቷን አባቷን ይሸት ነበር።

ናሆም እንግዳ የሚቀመጥበት ጥግ ላይ ቆሞ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። ልቅሶው እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ካርታ ተገኝቷል አላቸው። ስንት ቤት ብለው ሲጠይቁት አሥራ አራት አለ። መሬማን አያት፤ «አሥራ አራት» ሲል ደገመላት።

ሞሚና ምን እንደተገኘ አልገባትም። ነገሯት። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ያንን ቦይ የሚያስታውሰኝ ሙሽራው ነው ብላ ይማም እንዴት እንደወደቀ፣ ከሁሉም አሳምራ፣ እየተነሣች እየወደቀች አሳየቻቸው። የሦስተኛው ቀን ዱአ የተደረገው ከሳቅ በኋላ ነው።

ቤቶቹ የተሰበሰቡት በወሩ ነው። ጽሕፈት ቤቱ የድንኳኑን ካርታ ወስዶ እያንዳንዱን ቤት እንደ ባለቤቱ መቀመጫ አስቀመጠ። አንድ ነገር ብቻ ማንም አላሰበበትም። በድንኳኑ ውስጥ ላይ የሚባለው ወገን ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ ወደ ቁልቁለቱ የዞረው ነበር፤ ሜዳው ልሙጥ ስለሆነ ለአርባ ዓመት ልብ ያለው የለም። በተራራው ወገብ ላይ ግን ሰፈሩ ተገልብጦ አረፈ። የላይዋ አሚናት ከሁሉም ታች፣ ከመሬማ ደጅ ሥር ገባች። ናሆም ስህተቱን አይቶ ላርመው ብሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ የሚታረመው ምን እንደሆነ አልገባቸውም። «አሚናት እኮ ላይ ናት» አሉት፣ እጃቸውን ወደ ቁልቁለቱ እየዘረጉ። ናሆም የተዘረጋውን እጅ ተከትሎ አያትና ወደ ኮምቦልቻው ተመለሰ።

መጀመሪያ በመጣው ቅዳሜ፣ ፀሐይ በወጣችበት ረፋድ፣ መሬማ የአባቷን ጋቢ አጠበች። እጣቢውን ደጇ ላይ ደፋችው። ውሃው መንገዱን ይዞ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ አሚናት የረጠበ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች፤ ቁልቁለቱ ሥር ቆማ ሽቅብ እያየች፣ «አንቺ መሬማ! ከታች ሆነሽ እጣቢሽን ወደ ላይ ትልኪብኛለሽ?» አለቻት።

በሮች ተከፈቱ። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ወንድይፍራው በራቸው ላይ ቆመው፣ የታች ሰው እጣቢ ወደ ላይ መላክ ነውር ነው ሲሉ ፈረዱ። እትዬ ብርቄ ግን ልጅቱ ሐዘንተኛ ናት፣ ይለፋት አሉ፤ በዚህም ሁለቱ ተያያዙ።

መሬማ ሳፋዋን ይዛ ቆመች። በሕይወቷ ከጎረቤት ጋር ተጣልታ አታውቅም። የወር ጎረቤት ማን ይጣላል? ቅር ያለው ሰው ይታገሣል፤ ቤቱ ይሄዳል፣ ቅሬታውም አብሮት ይሄዳል። አሁን ግን አሚናት ነገም እዚያው ናት። ከነገ ወዲያም፣ ለዓመትም፣ ቤቶቹ የትም ቢሄዱ እዚያው ናት። ለመታረቅ የሚሆን ጊዜ ሞልቶ ተርፏል።

ሳፋውን አስቀመጠች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ደግ አደረግኩ!» አለቻት።